ጎባጣ፣ ስርጉድ ወይስ ቅስት፦ ስለ ጌም ሞኒተር የአማርኛ አጠራር

ለኮምፒዩተር ጌም የሚሆን፣ ገጹ ሰፊ፣ ሁለት ጠርዞቹ ወደ ተመልካቹ የታጠፉ፣ ዋጋውም የማይከብድ ሞኒተር እንዴት ይመረጣል የሚለው ጥያቄ ለሥነ ቃላት ባለሙያ ሳይሆን ለነጋዴ የሚቀርብ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በአገራችን ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አብርቶ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ከሌላው ጋር አስተያይቶ ለመግዛት ዕድል አያገኝም። ወይ ሻጩ በጻፈው ዝርዝር ይመራል፤ ወይ ዱባይ ወይም አሜሪካ ለሚኖር ዘመዱ የሚፈልገውን ጽፎ ይልካል። ዕቃው እጁ እስኪገባ ድረስ በመካከል ያለው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ሲሳሳት የሚባክነው ደግሞ የወራት ደመወዝ ነው። ጉዳዩን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ያቀረብነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የተለመደው የማስታወቂያ አነጋገር ይህን ይመስላል፦ «ከርቭድ ጌሚንግ ስክሪን፣ 32 ኢንች፣ ጥራት ፉል ኤች ዲ፣ ፍጥነት 165፣ 1 ሚሊሰከንድ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ»። አነጋገሩ አጭርና ለጆሮ የማይከብድ ነው። ሆኖም አንድ በአንድ ሲመረመር ለገዢው ቁርጥ ያለ ነገር የሚነግረው «32 ኢንች» የሚለው ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እርሱም ቢሆን ከዚህ በታች እንደምናየው ግማሹን ነው የሚናገረው። ቅሬታችን የባዕድ ቃል በመብዛቱ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ አሳሳች ሆነው ያገኘናቸው «ጥራት»፣ «ፍጥነት» እና «ተመጣጣኝ» የተባሉት፣ ጥርት ያሉ የአማርኛ ቃላት ናቸው።

ስለ ዕቃው ስም ብዙ አንከራከርም። «ሞኒተር» የሚለው የውሰት ቃል ሥር ሰድዷል፤ በትምህርት ቤት የክፍል አለቃም በዚሁ ስም ሲጠራ መኖሩ ግራ የሚያጋባው ሰው የለም። «ስክሪን» ግን ለመላው ዕቃ መጠሪያ ባይሆን እንመርጣለን። «የስልኬ ስክሪን ተሰበረ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ መስታወቱ እንጂ ስለ ስልኩ አይደለምና። «ማሳያ» ደግሞ ምሳሌም፣ ናሙናም፣ የዕቃ መደርደሪያም ስለሚሆን ሸክም በዝቶበታል። በበኩላችን ለዕቃው «ሞኒተር»፣ ምስሉ ለሚታይበት ፊት «ገጽ» ብለን እንቀጥላለን።

ዋናው ችግር ያለው «ከርቭድ» ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ እንዲህ ያለ ሞኒተር ለገበያ አልቀረበም ነበር፤ ሰፋፊዎቹ የታጠፉ ሞኒተሮች ለተራው ገዢ መቅረብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው የተዘጋጀ ስያሜ ስለሌለው አእምሮው ውስጥ ቀድሞ የመጣውን ይጽፋል፤ ቀድሞ የሚመጣውም «ጎባጣ» ነው።

«ጎባጣ» በእማሬውም በፍካሬውም አይስማማም። የፍካሬውን ነገር እንተወው፤ ማንም ሰው ጎባጣ ብሎ የጠራውን ዕቃ በደስታ አይሸጥም። ከባዱ ስሕተት የእማሬው ነው። ጎባጣ ጀርባ ሲባል እብጠቱ ከውጭ ቆሞ ወደሚያየው ሰው የወጣ ነው። ይህ ስም በትክክል የሚገባው ለዱሮው ባለ ካቶድ ቱቦ ቴሌቪዥን ነበር፤ የዚያ መስታወት መካከሉ ወደ ተመልካቹ ገፋ ያለ፣ ጠርዙ ወደ ኋላ የሸሸ ነበርና። የዛሬው ሞኒተር ግን መካከሉ ሸሽቶ ግራና ቀኙ ወደ ፊት ይመጣል። እንግዲህ «ጎባጣ» ያለ ተርጓሚ የተናገረው የዕቃውን ተቃራኒ ነው። «ጠማማ» እና «ቆልማማ» የሰው ጠባይ መንቀፊያ ሆነዋል። «ጥምዝ» ደግሞ እንደ ብሎን ጥርስና እንደ አጋዘን ቀንድ የዞረ ነገርን ስለሚያሳይ ከነዚህም ይልቅ ይርቃል።

ከሁሉ ጠንካራው ተፎካካሪ «ስርጉድ» ነው። በፊዚክስ ትምህርት ለመስታወትና ለምስሪት የተለመደ ከመሆኑም በላይ አቅጣጫውን በትክክል ይናገራል፤ ወደ ውስጥ የገባ ማለት ነውና። ብዙ ባልደረቦቻችን በዚሁ እንዲጸና ይሻሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። የጉንጭ ስርጉድ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ወደ አንድ ነጥብ የሚወርድ ነው፤ የስርጉድ መስታወትም እንደዚያው። ሞኒተሩ ግን የሚታጠፈው ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ነው። ማስመሪያ ከላይ ወደ ታች ቢያስደግፉበት ሳይነሣ ልጥፍ ብሎ ይቆማል። ይህ ልዩነት ቃል ከመሰንጠቅ የመጣ እንዳይመስል ሌላም ምክንያት አለን፤ «ስርጉድ» ቁጥር አይቀበልም። «ምን ያህል ስርጉድ ነው?» ቢባል መልሱ «ትንሽ» ወይም «ብዙ» ከማለት አያልፍም። ፋብሪካዎቹ በካርቶኑ ላይ የሚጽፉት ግን 1000አር፣ 1500አር፣ 1800አር የሚል ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ግልጽ መሆን አለበት። የሞኒተሩ ገጽ የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው ብለን ብናስብ፣ ቁጥሩ የዚያን ክብ ሬዲየስ በሚሊሜትር ይነግረናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ እጥፋቱ ይጨምራል፤ ነገሩን በቃል ብቻ የሚያውቅ ገዢ ግን ከኢንችና ከሄርዝ ልማድ ተነሥቶ ትልቁን ቁጥር ሊመርጥ ይችላል። ለዚህ መድኀኒቱ በአማርኛ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ይኸውም «ቅስት» ነው። ቃሉ ከቀስት የተወለደ፣ በግንበኛው ዘንድ ለበርና ለመስኮት አናት፣ በሒሳብ መምህሩ ዘንድ ለክብ ቁራጭ የሚያገለግል ነው። ቅስት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል፤ ሬዲየስም አለው። «ቅስት ሞኒተር» ብሎ የጀመረ ሰው «የስንት ሜትር ቅስት?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መልሱም «የአንድ ሜትር ቅስት»፣ «የሜትር ተኩል ቅስት»፣ «የ1.8 ሜትር ቅስት» ይሆናል። ክቡ ሲያንስ መታጠፉ እንደሚብስ ገንቦና ጋን ጎን ለጎን ያየ ሁሉ ያውቀዋልና ከዚያ ወዲህ ትንሹ ቁጥር ማንንም አያሳስትም።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ወርዱ 70 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 32 ኢንች ገጽ እንውሰድ። የ1.8 ሜትር ቅስት ከሆነ ጠርዙ ከመካከሉ ይልቅ ወደ 3 ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ፊት ይመጣል፤ የአንድ ሜትር ቅስት ከሆነ ወደ 6 ሴንቲሜትር። ተመልካቹ ከመካከሉ 75 ሴንቲሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ በዝርግ ሞኒተር ላይ ጠርዙ ከዐይኑ 8 ሴንቲሜትር ያህል ተጨማሪ ይርቃል፤ በ1.8 ሜትር ቅስት ላይ ትርፍ ርቀቱ ወደ 4 ተኩል፣ በአንድ ሜትር ቅስት ላይ ወደ 2 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ቅስቱ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ዐይን ከመካከል ወደ ጠርዝ ሲዞር ርቀቱ ብዙ እንዳይለዋወጥና የጠርዙ ቀለም ከጎን እንደታየ እንዳይደበዝዝ። ይህ ጥቅም የሚገኘው አንድ ሰው መካከል ላይ ሲቀመጥ ነው። በየሰፈሩ ባለው ጌም ቤት ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ አራቱ ከኋላ ቆመው ለሚያዩት የእግር ኳስ ጌም ዝርጉ ይሻላል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ጥቂት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

ቅስት የሚለውን ቃል ብንቀበል የምናተርፈውን በሁለት የታወቁ ሞኒተሮች ላይ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ባለ 32 ኢንቹ ሳምሰንግ ኦዲሲ ጂ5 እና በ2021 የወጣው ዴል ኤስ3222ዲጂኤም ዋጋን ለሚመለከት ገዢ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ሲጠቀሱ የኖሩ ናቸው። ሁለቱም «ከርቭድ 32» ይባላሉ፤ ሁለቱም በወርድ 2560፣ በቁመት 1440 ነጥብ አላቸው፤ የገጻቸውም ዐይነት ቪ ኤ የሚባለው ነው። የመጀመሪያው ግን የአንድ ሜትር ቅስት ነው፤ ሁለተኛው የ1.8 ሜትር። አንደኛው ምስሉን በሴኮንድ እስከ 144 ጊዜ፣ ሌላው እስከ 165 ጊዜ ያድሳል። የመጀመሪያው መቆሚያ ገጹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከማዘንበል በቀር ከፍ ዝቅ አያደርግም፤ የሁለተኛው ያደርጋል። ከእነዚህ ሦስት ልዩነቶች ውስጥ ለገዢው አንገት የሚያስበው የመጨረሻው ነው፤ በማስታወቂያው መስመር ላይ ግን ከነጭራሹ ስም የለውም።

አሁን ወደ «32 ኢንች» እንመለስ። ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ነው። የገጹ ቅርጽ አንድ ዐይነት በነበረበት ዘመን ይህ ልኬት ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን ወርዱ እጅግ የሰፋ፣ 34 ኢንች የሚባል ሞኒተር አለ፤ ወርዱ 80 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 33 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የተለመደው ባለ 32 ኢንች ወርዱ ወደ 71፣ ቁመቱ ወደ 40 ሴንቲሜትር ነው። አባዝተን ስናየው ባለ 34ቱ በስፋት ከባለ 32ቱ ያንሳል፤ በቁመትማ ከባለ 27ቱ አይበልጥም። ስለዚህ «ትልቅ» የሚለው ቅጽል ብቻውን ሲቆም ሁለት የማይመሳሰሉ ዕቃዎችን ይሸፍናል። «ረጅም ወርድ» እና «ትልቅ ገጽ» የሚሉትን ለይቶ መጠቀም ይገባል፤ ሁለቱም ልኬት በሴንቲሜትር ቢጻፍ ደግሞ ጠረጴዛውን የሚለካው ሰው ያመሰግናል።

«ጥራት» የሚለው አጠራር ከሁሉ የከፋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ገጹ ላይ ያሉት ነጥቦች፣ ማለትም ፒክሰሎች፣ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ሌላ ነው፤ ጥራት ሌላ። «ጥራት ፉል ኤች ዲ» ሲባል «ፉል» የሚለውም ሙሉነትን ስለሚያስታውስ፣ ገዢው ከዚያ በላይ የሚጎድለው ያለ አይመስለውም። እውነቱን ስንመረምር ፉል ኤች ዲ ማለት በወርድ 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ ነው። ይህ ቁጥር በ24 ኢንች ገጽ ላይ ሲሆን ዐይን አያስከፋም፤ በ32 ኢንች ገጽ ላይ ሲዘረጋ ግን በአንድ ኢንች ውስጥ 69 ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ ፊደሉ ይሰነጣጠቃል፤ የሩቅ ጠላት በጌሙ ውስጥ ከቁጥቋጦው አይለይም። 2560 በ1440 ከሆነ በዚያው ገጽ ላይ 92 ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልጉን ሁለት ስሞች ናቸው፦ «የነጥብ ብዛት» እና «የነጥብ ጥግግት»። ለሁለተኛው «እፍግታ» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህን ቃል ፊዚክስ ለክብደትና ለይዘት ንጽጽር ወስዶታል። ጥግግት የቤትም የሕዝብም መቀራረብ መግለጫ በመሆኑ ለነጥቦች አይከብድም። ርካሽ የሆኑት ትልልቅ ቅስት ሞኒተሮች ዋጋቸውን ብዙ ጊዜ የሚቀንሱት በዚህ በኩል ነው፤ ገጹን አስፍተው ነጥቡን አይጨምሩም። «ጥራት» የሚለው ቃል ይህን ይሸሽጋል።

ስለ «ፍጥነት» ደግሞ ሰፋ አድርጎ መነጋገር ያሻል፤ በአንድ ስም ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተደርበውበታልና። የመጀመሪያው ገጹ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ የሚነግረው ነው፤ ይህም በሄርዝ ይለካል። ለዚህ «የምስል እድሳት» ይበቃል። በ60 ሄርዝ አንዱ ምስል ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ሄርዝ 6.9፤ በ165 ሄርዝ 6.1። ከ60 ወደ 144 የተሸጋገረ ሰው ከእያንዳንዱ ምስል 10 ሚሊሰከንድ ያህል ያተርፋል፤ ከ144 ወደ 165 የተሸጋገረ ግን አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አያገኝም። «ፍጥነት 144» እና «ፍጥነት 165» ተብሎ ሲጻፍ ሁለተኛው በጣም የሚበልጥ ይመስላል፤ በዋጋው ላይም የሚጨመረው በዚሁ መምሰል ነው።

ሁለተኛው፣ አንድ ነጥብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። «የምላሽ ጊዜ» ተብሎ በቀጥታ ተተርጉሟል። ትርጉሙ ቃል በቃል ሲታይ እንከን የለውም፤ ግን ሰሚው «ምላሽ ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱንም ራሱ ይሰጣል፦ እጄ ቁልፉን ሲነካ ለሚሰጠው ምላሽ። ይህ ግን ሦስተኛው ነገር ነው፤ ትእዛዙ ከተሰጠበት ቅጽበት አንሥቶ ምስሉ እስኪታይ ድረስ ያለው መዘግየት። ሁለቱን ለመለየት ለመጀመሪያው «የቀለም መለወጫ ጊዜ»፣ ለሌላው «የትእዛዝ መዘግየት» እንዲባል እናቀርባለን። ረዘም ማለታቸውን እናውቃለን፤ አጭር ሆኖ ሁለት ነገር ከሚናገር ግን ረጅሙ ይሻላል።

በማስታወቂያው ላይ የሚታየው «1 ሚሊሰከንድ» ከእነዚህ ከየትኛው እንደሆነ አይነገርም። አንዳንዱ ፋብሪካ የሚለካው ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ግራጫ የሚደረገውን ለውጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ምስል ዐይን ላይ የሚቆይበትን ጊዜ። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለት ሞኒተሮች 1 ሚሊሰከንድ የሚሉት በዚህኛው አለካክ ነው። ወደዚያ ቁጥር የሚደረሰው አብዛኛውን ጊዜ የጀርባ ብርሃኑን በምስሎቹ መካከል ብልጭ ድርግም በማድረግ ስለሆነ ገጹ ይጨልማል፤ ጌሙና ሞኒተሩ እኩል እንዲራመዱ የሚያደርገውም ስልት ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሠራም። ርካሽ ቅስት ሞኒተሮች አብዛኞቹ ቪ ኤ መሆናቸው ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል። ቪ ኤ ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ በማሳየት የታወቀ ነው፤ የብርሃንና የጨለማ ንጽጽሩ 3000 ለ1 አካባቢ ሲሆን፣ የተለመደው አይ ፒ ኤስ ወደ 1000 ለ1 ነው። ዳሩ ግን ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ሲለወጥ ይዘገያል፤ አንዳንዴ ከአንድ ምስል ዕድሜ በላይ ይፈጅበታል። በጨለማ ዋሻ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ከኋላው ጥቁር ነገር እየጎተተ ይታያል። 1 ሚሊሰከንድ ተብሎ የገዛ ሰው ይህን ሲያይ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ያልተበላሸ መሆኑን የሚያስረዳበት ቃል ሻጩም የለውም።

«ጌሚንግ»ን በተመለከተ «የጨዋታ ሞኒተር» ይባል የሚለውን ሐሳብ ሰምተናል። ጨዋታ በአማርኛ ወግም ነው፤ ቁም ነገር ያልሆነም ነው፤ «የመጫወቻ» ካልን ደግሞ የሕፃን ዕቃ ይሆናል። ወጣቱ «ጌም» ብሎ ጨርሶታል፤ አካዳሚ ቢቃወመውም የሚሰማው የለም፤ መቃወምም አያስፈልግም። «የጌም ሞኒተር» ይበቃል።

የዋጋው ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። «ርካሽ» ረከሰ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ረከሰ ደግሞ ዋጋው ወረደም፣ ንጽሕናው ጎደለም ማለት በመሆኑ ቃሉ ዕቃውን አብሮ ያዋርዳል። ይህን ለመሸሽ «ተመጣጣኝ ዋጋ» መጣ። ከምን ጋር የተመጣጠነ? ቀድሞ ዋጋው ከዕቃው ጋር ማለት ነበረ፤ ዛሬ ሻጭ ሁሉ ስለሚለው ምንም አይልም። «አቅምን ያገናዘበ» የሚለው ይሻላል፤ «የማን አቅም?» የሚል ጥያቄ ያስነሣልና። በዚህ ዕቃ ላይ አቅም የኪስ ብቻ አይደለም፤ የኮምፒዩተሩም ነው። 1920 በ1080 ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥብ ነው፤ 2560 በ1440 ወደ 3.7 ሚሊዮን፤ 3440 በ1440 ወደ 5 ሚሊዮን። እነዚህን ሁሉ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ የሚሥለው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርዱ ደካማ ከሆነ ሞኒተሩ የቱንም ያህል በቅናሽ ቢገኝ ለዚያ ሰው አቅሙን ያገናዘበ አይደለም፤ ሁለተኛ ግዢ ያስከትላልና። በትርጉም ሥራ ላይ «አቅምን ያገናዘበ» ሲጻፍ አቅሙ የምን እንደሆነ አብሮ ቢገለጽ እንመክራለን።

እንግዲህ ለውጭ አገር ዘመድ የሚላከው ዝርዝር በዚህ አጠራር ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ቅስት የጌም ሞኒተር፤ ገጹ 32 ኢንች፣ ወርዱ 71 ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ፤ የሜትር ተኩል ወይም የ1.8 ሜትር ቅስት፤ የነጥብ ብዛት 2560 በ1440፤ የምስል እድሳት ከ144 ሄርዝ ያላነሰ፤ መቆሚያው ከፍ ዝቅ የሚል»። አንድ ሚሊሰከንድ የሚባለው አልገባም፤ ገዢውን የሚረዳ ነገር አይናገርምና። ካርቶኑ ላይ የሚታተመውን ኤች ዲ አር የሚለውንም ትተነዋል፤ ገጹ 400 ካንዴላ በሜትር ካሬ ብቻ ሲሆን ያ ስም ከጌጥ አያልፍም።

ስም ሳይወጣለት የቀረው ያ በጨለማ ትዕይንት ከሚሮጠው ሰው ኋላ የሚጎተተው ጥቁር ነገር ነው። «ጥላ» እንዳይባል ጌሙ ራሱ ለሰውየው ጥላ ይሥልለታል። «ጭራ» ሊባል ቢችልም ጭራ ከባለቤቱ አይለይም፤ ይህ ግን ሯጩ ሲቆም ተከትሎት ይጠፋል። እኛ ወደ «ዱካ» እናዘነብላለን፤ «የጥቁር ዱካ የሚተው ገጽ» ቢባል ሻጩም ገዢውም የሚግባቡበት ይመስለናል። ከዚህ የተሻለ ያለው አንባቢ ለዝግጅት ክፍሉ ቢልክልን በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ከዱካ ጋር ጎን ለጎን እናቀርበዋለን።